ማንም የማይዘፍንባቸው ሰባት ደቂቃዎች

ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያችን የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ነው፣ ቤተሰብዎስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጆሮዎ እንደምን ሰንብቷል ብዬ እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን አልፎ አልፎ ይይዘኛል እንጂ ጆሮዬ ምስጋና ይግባውና ጥርት አድርጎ ይሰማል፤ ለዚህ ደብዳቤ መነሻ የሆነውም እሱው ነው።

የምጽፍልዎ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ በልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት አንሶላ ሳጥፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ትምህርቴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከሬዲዮ ተምሬዋለሁ። ወሬ ስለምወድ ደብዳቤው ቢረዝም ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ለረዥም ነገር ያለዎትን ትዕግሥት አውቃለሁና። ጉዳዬ ስለ ድሮ ሮክ ነው። እዚህ ላይ ፈገግ ሳይሉ አይቀርም። ልጄም ትስቅብኛለች፤ «እማዬ፣ የአንቺ እኩዮች እኮ የሚያስተኛ ነገር ነው የሚከፍቱት» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው መኝታ ሳጥፍ ውዬ፣ ማታ እንደገና የሚያስተኛኝን ምን ልሠራበት እላታለሁ።

ይህን ፍቅር ያሳደረብኝ ሌላ ማንም ሳይሆን የእርስዎው ጣቢያ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ትልቁ የመተኮሻ ማሽን ለጽዳት ቆሞ ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ የድሮው አቅራቢ ሁለቴ ይስሉና የባንዱን ስም በአፍንጫቸው ጠርተው ዝም ይሉልን ነበር። አንድም ቀን ስሙን አጥርተን ሰምተን ስለማናውቅ እኛው አወጣንላቸው። አንደኛዎቹን «ቸኳዮቹ» አልናቸው፤ ጊታር ተጫዋቻቸው የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጠው የደረሰ ስለሚመስል። ሁለተኛዎቹ «ጉሮሮ ሕመሞቹ» ናቸው። ዘፋኛቸው በጨውና በሞቀ ውኃ ቢጉመጠመጥ ይሻለው ነበር፣ እኔ ግን እንዳይሻለው እጸልያለሁ። «ባለ ኦርጋኖቹ» አጀማመራቸው ግሩም ነው፤ አጨራረሱ ላይ ግን ተነስቶ በር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሞ እንደሚሰናበት ዘመድ ያደርጋቸዋል። የሁሉም አለቆች ግን «ሐዘንተኞቹ» ናቸው፤ ከእነሱም ዘፈኖች ውስጥ እኛ «ረጅሙ» የምንለው።

ረጅሙ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ሰውየው ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ስለሚያመው ነገር ይዘፍናል። ከዚያ የሚናገረው እንዳለቀበት ሰው ዝም ይላል። ያኔ ቤዝ ጊታሩ አንድ አንድ ደረጃ እየረገጠ እንደሚወርድ ሰው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከበሮው ይከተለዋል፣ ጊታሩ በላያቸው ላይ ያለቅሳል። ሰባት ደቂቃ ሙሉ እንዲህ ሄደው ሄደው፣ ሰውየው መጨረሻ ላይ ሁለት ስንኝ ሊሰናበት ይመለሳል። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ግን ከበሮው በገባ ቁጥር ፀጉሬ ይቆማል። ቢሮዎ ውስጥ ይህ ዘፈን ስላለ፣ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት በማመን ወደ ቅሬታዎቼ አልፋለሁ።

አንደኛ። ከሦስት ወር በፊት እርስዎ ሲሾሙ፣ የድሮውን አቅራቢ በክብር ሸኝተው በምትካቸው ደስተኛ ወጣት ስላስቀመጡልን ከልብ እናመሰግናለን። ልጁ በተፈጥሮው ዝምታ ስለሚፈራ፣ ዘፈኑ ጀምሮ ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ያለውን ጊዜ በልደት መልካም ምኞት ይሞላልናል። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ልደት በቃሌ ይዣለሁ።

ሁለተኛ። ፕሮግራሙን «ለስለስ ያሉ ትዝታዎች» ብለው ስለ ሰየሙልን እናመሰግናለን። የድሮ ባንዶች ሁሉ በሥራ ዘመናቸው አንድ አንድ ለስላሳ ዘፈን ሠርተዋል፣ ይህን አልክድም፤ ፒያኖ ብቻ ያለበት፣ ከበሮ መቺው ሻይ ሊጠጣ የወጣበት። እርስዎ ግን ከእያንዳንዳቸው ያንኑ መርጠው፣ አራቱን በየሳምንቱ እያፈራረቁ ያሰሙናል። ትልቅ ድግስ ተጠርቶ ሰላጣ ብቻ በልቶ እንደ መመለስ ነው። ሰላጣ ጥሩ ነው፣ ለጤናም ይመከራል። ሆኖም አንድ ሰዓት ሙሉ ከበሮ የሌለበት ሮክ የሚያሰማ ጣቢያ ከእርስዎ በቀር መኖሩን እጠራጠራለሁና፣ ለዚህ ፈጠራዎ ሽልማት ቢኖር የመጀመሪያዋ ድምፅ ሰጪ እኔ ነኝ።

ሦስተኛ። ይህኛው ትንሽ ይረዝማል።

የሆስፒታል አንሶላ ብቻውን የሚያጥፍ ሰው የለም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሁለት ሁለት ጫፍ ይይዛል፣ ይወጥራል፣ ያራግፋል፣ ተራምዶ ይገናኛል፣ ጫፉን ያቀብላል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። እኔ ሃያ ሦስቱንም ዓመት ያጠፍኩት ከአንዲት ሴት ጋር ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ስለዚህ እትዬ እላታለሁ፤ የአንሶላዋ ጫፍ ከጫፍ አንድ ክር ያህል ተዛንፎ ስለማያውቅ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እትዬ ማዕዘን ይላታል። ቅዳሜ የምናጥፈው በከበሮ ነው። አራት ምት ወደፊት፣ አራት ምት ወደኋላ። ሬዲዮው የእንጨት ሣጥን ያለው፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው አሮጌ ሬዲዮ ሲሆን፣ የምናጥፍበት ረዥም ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ ከበሮው በጠረጴዛው እንጨት በኩል ሳይቀር እጃችን ድረስ ይመጣል።

እትዬ ማዕዘን በማሽኑ ጩኸት አጠገብ ብዙ ዓመት ስለቆመች ጆሮዋ ደክሟል። ፎቅ ላይ ያሉት የጆሮ ሐኪም፣ ነጭ ካፖርታቸውን እኛ ስለምናጥብላቸው በደንብ መርምረዋት፣ መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ እንደሚሄድ፣ ወፍራሙ መጨረሻ እንደሚሄድ፣ አንድ ቀን ግን እሱም መሄዱ እንደማይቀር ነግረዋታል። እንዳሉትም ወፎቹ ሄዱ፣ የስልክ ጥሪ ሄደ፣ ቀጥሎ ዘፋኞቹ በሙሉ ሄዱ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ረጅሙ ሲጀምር «መጣ ሰውዬው?» ትለኛለች፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ እሷም «ይጨርስና ይጥራን» ትላለች። የእሷ ሙዚቃ የሚጀምረው እሱ ዝም ሲል ነው። ቤዙንና ከበሮውን ትሰማቸዋለች። ያኔ ፊቷን ቢያዩት ደስ ይልዎ ነበር፤ እኔ በበኩሌ አንሶላው ለሁለት ሰው የሆነው እሷን ፊት ለፊት እንዳያት ይመስለኛል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ባዳም ቢሆን ግን ይህን ያህል ዘመን አብሮ የኖረ ባዳ ሲሄድ ያሳዝናል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ፣ ስንት ሳምንት በሰላጣ ከቆየን በኋላ፣ ወጣቱ አቅራቢዎ ረጅሙን ከፈተ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ወደ ሬዲዮው እያመለከትኩ በከንፈሬ ነገርኳት፤ ሽርጧን አስተካክላ አዲስ አንሶላ አነሳች። ሰውየው ዘፈነ፣ ጨረሰ፣ ዝም አለ። ምልክት ስሰጣት እትዬ ማዕዘን የመጀመሪያውን ምት ለመቀበል እግሯን አነሳች። ከዚያ የፍራሽ ማስታወቂያ ገባ።

እኔ ማስታወቂያውን ሰማሁት። እሷ ግን ምንም አልሰማችም። ሁለት ጫፍ ይዛ፣ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ፣ ከእኔ አራት እርምጃ ርቃ ጠበቀች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ሬዲዮውን እያየሁ ነበር፤ ዞር ስል ፊቷ አመድ መስሏል። አንሶላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ መዳፏን እንጨቱ ላይ ጫነች፣ ቆየች። ከዚያ ሽርጧን ፈትታ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጠችና «ሄደ በቃ» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ የሚጠበቅ እንግዳ እንደመጣ ዓይነት።

አይደለም፣ ቆርጠውት ነው ብዬ ጮህኩ፣ ወረቀት ላይም ጻፍኩላት። ወረቀቱን አንብባ ጉንጬን ዳበሰችኝ። «አንቺ ደግ ነሽ» አለች፤ «ረጅሙን ማን ይቆርጣል? በሃያ ሦስት ዓመት የቆረጠው የለም።» ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የእርስዎ ፒያኖና የእርስዎ ቀጫጭን ዘፋኞች ስለነበሩ፣ ጆሮዋ እንዳልሞተባት የሚያስረዳልኝ አንድ ከበሮ እንኳ አላገኘሁም። በማግስቱ ልጄ ዘፈኑን ከስልኳ ከፈተችላት። የስልክ ድምፅ እንደሚያውቁት የትንኝ ነው፣ ሆድ የለውም፣ ወፍራሙን አያሰማም፤ እትዬ ማዕዘን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆይታ በምስጋና መለሰችላት፣ እኔን ደግሞ «አየሽ?» በሚል ዓይን አየችኝ። ቅርጫት ሲወድቅ ዞር ትያለሽ እኮ ብላት፣ እሱን የሚነግረኝ እግሬ ነው አለች። የሐኪሙ ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነው። እሷ ግን ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ከሥራ ለመሰናበት ማመልከቻ አስገብታለች፤ ቀሪው አሥራ ሁለት ቀን ነው። አለቃችን አሁን ድረስ አልፈረሙም፤ እኔን ባዩ ቁጥር ወረቀቱን ከአንዱ መሳቢያ ወደ ሌላው ያዛውራሉ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሰው ያንን ይቆርጣል ብላ ለማመን ልቧ ስላልፈቀደላት፣ ጆሮዬ ሞተ ብላ ማመኑ ቀለላት። ስለ ሰው ያላት ግምት እዚህ ድረስ ነው። በእርስዎ ምክንያት እኔ ዓይኗን በጨው አጥባ የምትዋሽ ሴት ሆኜ ቀረሁ፤ እርስዎ ደግሞ በእሷ ዘንድ እስከ ዛሬ ንጹሕ ሰው ነዎት።

አራተኛ። ዝም አይነቅዝም ቢባልም፣ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ፈቃድ ወስጄ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። የበር ጥበቃዎ መልካም ሰው ናቸው፣ ወንበር ሰጡኝ፤ ጸሐፊዎም ስብሰባ ላይ መሆንዎን ሦስት ጊዜ በትሕትና ነገረችኝ። በመጨረሻ በኮሪደሩ ሲያልፉ ስላገኘሁዎ፣ ቆመው ስለሰሙኝም አመሰግናለሁ፤ ቁልፍዎን እያንቀጫቀጩም ቢሆን። ስለ ረጅሙ ሳነሳ «እናቴ፣ እዚያ ጋ እኮ ማንም አይዘፍንም፣ ባዶ ቦታ ነው፣ አድማጭ ይሰለቻል» አሉኝ። እናቴ በማለትዎ ተደስቻለሁ። የወለደችዎ እናት እንዲህ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ብትሰማ ምን ትል እንደነበር ግን እያሰብኩ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። አድማጭ ይሰለቻል ላሉት፣ እኔ ሃያ ሦስት ዓመት አንድ ዓይነት ነጭ አንሶላ ያጠፍኩ ሰው ነኝ፤ ስለ መሰልቸት ምክር ቢያስፈልግዎ በነጻ እሰጥዎታለሁ።

ደክሞኛል ክቡር ሆይ። የዘፈን ምርጫዎን ይቀይሩ አልልም፣ ወጣቱም ልደቱን ያክብር፣ ፒያኖውም ይቀጥል። የምጠይቀው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ከአሥራ ሁለቱ ቀን ውስጥ በቀረችን አንዲት ቅዳሜ ረጅሙን ከነሙሉ አካሉ ያሰሙን፤ እትዬ ማዕዘን በተረኛነት እዚያው ጠረጴዛ አጠገብ ትቆማለች፣ ጫፉን እንድትይዝልኝ የማግባባው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ ከበዛብዎ ሰውየው የሚዘፍንበትን ይተዉት፤ እሱን ለኔ ሲሉ አይድከሙ፣ በቃሌ አውቀዋለሁ። ወይ ደግሞ ይህ የማይቻል ከሆነ፣ በመሥሪያ ቤትዎ አርማ ባለው ወረቀት ላይ «ዘፈኑን የቆረጥነው እኛ ነን፣ የተባለችው ሠራተኛ ጆሮ ጥፋት የለበትም» ተብሎ፣ በፊርማዎና በክብ ማኅተም ተረጋግጦ ይሰጠኝ። እሷ የኔን ወረቀት አላመነችም፣ ማኅተም ግን ታከብራለች። እርግጥ ይህን ወረቀት ያነበበች ቀን ስለ ሰው ያላት ግምት ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ከጆሮዋና ከግምቷ አንዱን እንዲያተርፉላት ምርጫውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ለሚሰጡኝ መልስ፣ ባይሰጡኝም ለሚያሳልፉልኝ ዝምታ፣ ለቀና ትብብርዎና ለሙዚቃ ላለዎት ጥልቅ ፍቅር አስቀድሜ ምስጋናዬን በማቅረብ፣ ረዥም ዕድሜ ማንም ሳይቆርጠው እንዲሰጥዎ እመኛለሁ።

እስከ ሦስት ደቂቃ ተኩል ድረስ የዘወትር አድማጭዎ የሆንኩት፣
የምድር ቤቷ አንሶላ አጣፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የሚያወጡልኝ አዘጋጅ፣ ስለረዘመ ከመሃሉ ጥቂት እንቀንስለት ወይ ብለው በትሕትና ጠይቀውኝ ነበር። መሃሉ እንዳይነካብኝ፣ ቦታ ከጠበበ ግን በመጀመሪያ ያለው ሰላምታና በመጨረሻ ያለው ምስጋና በሙሉ እንዲቀነስ ነግሬያቸዋለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ እሱ ብቻ ነው።