እማዬና የማንጎው ኑድል

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን ይይዝህ የነበረው ነገር ተሻለህ ወይስ ቆመህ እየዋልክ ታባብሰዋለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹስ ጥርስ አወጣ? እኛ እዚህ ከአንተ ናፍቆትና ከእማዬ ነገር በቀር ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ደህና ነን የምልህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ዝቅ ብለህ ስታነብ ራስህ ትፈርደዋለህ።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ አልሆን አለኝ። ስትደውል ወይ ከኋላህ የሳህን ኳኳታ አለ፣ ወይ አውቶቡስ ልትሳፈር እየሮጥክ ነው። "እማዬ እንዴት ናት?" ትለኛለህ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ "ደህና ናት" እላለሁ። "ተመስገን፣ በርቺልኝ" ብለህ ትዘጋለህ። ያቺን "በርቺልኝ" ስንት ጊዜ እንደዋጥኳት አታውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ሆዴም ሞላ። ወረቀት አይቋረጥም፤ እባክህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

እማዬ አንተ እንደምታስባት አይደለችም። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ነገር ሁሉ ይጠፋባት ጀመር። መጀመሪያ ስም ነበር የምትስተው። ጎረቤታችንን ባለሱቋን በሟች እህቷ ስም ትጠራታለች፣ ባለሱቋም "አቤት" እያለች ትስቃለች፣ እኛም አብረን እንስቃለን። ቀጥሎ መነጽሯን ዱቄት ውስጥ፣ ጫማዋን ድስት ውስጥ ማግኘት ጀመርኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከገዛ በሯ ላይ ቆማ "የዚህ ቤት ሰዎች የሉም እንዴ?" እያለች ስታንኳኳ ደረስኩ። ከዚያ በኋላ ብቻዋን መተው አልተቻለም። ከልብስ ስፌት ቤቱ ለቀቅኩ። የስፌት መኪናዬን አምጥቼ ከአልጋዋ ፊት ለፊት መስኮቱ ሥር ተከልኩ፤ የተገኘውን ዚፕ መቀየር፣ ሱሪ ማሳጠር እዚሁ እሠራለሁ። ባለቤቴ በቤታችን፣ እኔ በእማዬ ቤት። እሑድ እሑድ ታክሲውን ደጅ አቁሞ ይመጣና እንደ እጮኛ በር ላይ ቆመን እናወራለን። "ትዳራችን ታድሷል" ብሎ ይቀልዳል። ቀልዱ ግን እየሳሳ ነው፤ ይታወቀኛል።

በዚህ መሀል ምግብ ተወች። ሾርባ ብትል፣ ገንፎ ብትል፣ እንቁላል ብትል፣ ጥርሷን ግጥም አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ነርስ ክንዷን ይዛ አየችና "ለስላሳና የሚጥማት ነገር ፈልጉላት፤ እንዲህ ከቀጠለች አትቆይም" አለችኝ። የሚጥማትን እኔ ከየት አባቴ አውቃለሁ? የምንወደውን ትጠይቀን እንጂ የራሷን የማትናገር ሴት ሆና ነው ያሳደገችን። አንድ ቀን ፀጉሯን እያበጠርኩላት ሳለ ግን በራሷ ጊዜ "ያንን ልጄ የሠራልኝን ቢጫ ክር ስጡኝ" አለች። ቢጫ ክር ስትል መጀመሪያ ከስፌት መኪናዬ ላይ ክር የፈለገች መስሎኝ አቀበልኳት። ወርውራ መታችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ባለሱቋ ስትነግረኝ ነው። ያን ጊዜ ለዕረፍት መጥተህ የሠራኸውን የማንጎ ኑድል ነው የምትለው። ታስታውሳለህ አይደል? ፎጣ ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ፣ ከምትሠራበት ምግብ ቤት የተማርኩት ነው ብለህ፣ ሰፈሩን ሁሉ ሰብስበህ። ኑድሉን፣ ያን ክር የመሰለ ቀጭን ፓስታ፣ ቀቀልክ፣ ማንጎውን ፈጨህ፣ በወተትና በክሬም ለወስክ፤ የቤቱን ድስት ሁሉ አዳረስክ። ሁሉም እጅህ ይባረክ አለህ። አንተ ሳሎን ተቀምጠህ ስትመረቅ እኔ ኩሽና ውስጥ የደረቀ ማንጎ ከድስት እየፈቀፈቅኩ ነበር። ይህን ያነሳሁት ቂም ይዤ አይደለም። ወይም ይዤም ይሆናል፤ እንግዲህ ምን ልዋሽህ።

ደውዬ አሠራሩን ስጠይቅህ ደስ አለህ። እየሳቅክ "ቀላል ነው እኮ፣ በዓይንሽ ለኪው" ብለህ አለቃህ ጠራህና ዘጋህ። በዓይኔ ለካሁት። በመጀመሪያው ቀን ኑድሉን ቀቅዬ ሳልደርስበት ሙጫ ሆነ፤ ፖስታ ማሸግ ይቻል ነበር። በሁለተኛው ማንጎውን ትኩስ ወተት ላይ ብጨምረው ወተቱ ተበጣጠሰ፤ ደግሞም ማንጎው ቃጫማ ነበርና እማዬ ከጥርሷ መሀል እየጎተተች "ፀጉር አበሉኝ" ብላ ጮኸች። እየቆየሁ ገባኝ። ኑድሉ ከእሳት እንደወረደ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል። ወተቱ ከወፍራሙ የቆርቆሮ ወተት ጋር ፈልቶ ጨርሶ እስኪበርድ ይጠበቃል። ማንጎው በደንብ የበሰለ መሆን አለበት፤ በእጅ ይፈጭና ቃጫው እንዲቀር በስስ ጨርቅ ይጠለላል፤ ለልብስ ገበር ያስቀመጥኩትን ነጭ ጨርቅ ለእሱ ቀደድኩት። ክሬሙ መጨረሻ ላይ ነው። እንዳያንቃት ደግሞ ኑድሉን በመቀስ እየቆረጥኩ አሳጥረዋለሁ። አንተ ይህን ሁሉ አልነገርከኝም። አንተ ያን ቀን ለጤነኛ ሰው ነበር የሠራኸው።

በልታ ጨረሰች፣ ወንድም ጋሼ። ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው። እንባዬ መጣ። ስንት ቀን ሙሉ በማንኪያ ስለምናት የከረምኳት ሴት አፏን ጠርጋ ቀና አለችና፣ በእኔ ትከሻ አሻግራ ወደ ኩሽናው በር እያየች "ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ወልጄስ አንተን ወለድኩ" አለች። እኔ ፊቷ ቆሜያለሁ፤ እስከ ክንዴ ማንጎ በማንጎ ሆኜ። "እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ" ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና "አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ። "ያንቺ" አልኳት። "የእኔ ልጅ ወንድ ነው" አለችና ፊቷን መለሰች።

በሽታው ነው፣ አውቃለሁ። ነርሷም ነግራኛለች፤ "ልብሽ ውስጥ አታስገቢው" ብላኛለች። አላስገባውም ብዬ ነበር። ግን በየቀኑ ሲሆንስ? አጥባታለሁ፣ አንሶላዋን እለውጣለሁ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል አገላብጣታለሁ፤ ለዚህ ሁሉ ስድብ ነው የሚመጣልኝ። እጄን ትቆነጥጠኛለች፣ "ይህቺ ሠራተኛ ልትገድለኝ ነው" ብላ ለባለሱቋ ትከሰኛለች። ቢጫው ነገር ሲቀርብ ግን ፊቷ ይፈታል፣ ምርቃት ይወርዳል፤ ለአንተ። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል የሚሉት እውነት ነው። የማንጎው ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ከገበያ ገበያ እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። ፍራፍሬ ሻጩ አዝኖልኝ የበሰለ ሲያገኝ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያስቀምጥልኛል። ባለቤቴ "ከእኔ ይልቅ ማንጎውን ነው የምትናፍቂው" አለኝ። ያን ቀን አልሳቀም።

አሁን የምነግርህ ነገር ግን እንዴት እንደጀመረ ከእኔ፣ ከባለቤቴና ከባለሱቋ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሌሊቱን አላስተኛችኝም ነበር፤ ጠዋት ደግሞ ያጠብኩላትን ልብስ ቆሻሻ ውስጥ ከታዋለች። ኑድሉን አቀረብኩላት። እንደ ልማዷ ወደ ኩሽናው በር እያየች "ልጄ፣ ዕድሜህን ያርዝመው" ስትል በውስጤ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ማንኪያውን ከእጇ ቀማሁና "ልጅሽ የለም! የሠራሁት እኔ ነኝ! ልጅሽ የለም!" ብዬ ጮህኩባት።

እኔ የለም ማለቴ እዚህ የለም ማለቴ ነበር። እሷ ግን መርዶ ሰማች። ዓይኗ ፈጠጠ። ቀስ ብላ "የለም?" አለች። ከዚያ ደረቷን መምታት ጀመረች። ወንድም ጋሼ፣ አባታችን ሲሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። ከአልጋ ወርዳ መሬት ላይ ተዘረጋች፣ ስምህን እየጠራች "ምነው እኔን ባስቀደመኝ" እያለች ፀጉሯን ነጨች። ብይዛት አልያዝ አለች። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ እውነት የመሰላቸው ሰዎች ከእሷ ጋር ማልቀስ ጀመሩ። "አልሞተም፣ ደህና ነው" እያልኩ ብጮህ ማን ይስማኝ!

ድምፅህን ብትሰማ ትጽናናለች ብዬ ደወልኩልህ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ደግሜ ደወልኩ። ትንሽ ቆይቶ መልእክትህ መጣ፤ "ሥራ ላይ ነኝ፣ ሰላም ነው?" ይላል። እናትህ መሬት ላይ ተዘርግታ እያለቀሰችህ "ሰላም ነው" ብዬ ጻፍኩልህ። ሌላ ምን ልበልህ? ካለህበት ሆነህ ምን ታደርጋለህ?

ያዳነን ባለቤቴ ነው። ባለሱቋ ደውላለት ታክሲውን ጥሎ መጣ። የሆነውን በሁለት ቃል ስነግረው ጫማውን አውልቆ በጓሮ በር ኩሽና ገባና ድስት ከድስት እያጋጨ ማንኳኳት፣ ማሳል፣ ማፏጨት ያዘ። ጎረቤቶቹ አፋቸውን ያዙ። እማዬም ለቅሶዋን ገታ አድርጋ ጆሮዋን አቆመች። "ማነው?" አለች። እሱም ከውስጥ ሆኖ፣ ድምፁን አንተን ለማስመሰል እያወፈረ፣ "እኔ ነኝ እማዬ፣ ኑድሉ ሊደርስ ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ" አላት። አለመሳቅም አለማልቀስም አቃተኝ። ያ ሲነጫነጭብኝ የከረመ ሰው ከድስቱ የተረፈውን ኑድል በሳህን አድርጎ ገርበብ ባለው በር አሳልፎ ሰጠኝ። ተንበርክኬ አጎረስኳት። እየተንሰቀሰቀች በላች። "ክፉ ሕልም አየሁ" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እውነት የምትባለውን ነገር ትቻታለሁ። በየቀኑ ኩሽና ገብቼ ድስት አንኳኳለሁ፣ "ልጅሽ እየሠራልሽ ነው" እላታለሁ፣ ይዤ እወጣለሁ። ትመርቅሃለች፤ እኔ አሜን እልልሃለሁ። አመድ አፋሽ እጅ ማለት የእኔ ነው።

ትናንት ደግሞ እንዲህ ሆነ። ግማሹን በልታ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ወደ ኩሽናው ድምጿን ከፍ አድርጋ "ልጄ፣ ለዚህች ልጅም ስጣት እንጂ። ቀኑን ሙሉ እግሯ አላረፈም፤ ሰው አላት ወይ ብሎ የሚጠይቃትም የለ" አለች። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስሠራው አንድ ቀን ቁጭ ብዬ በልቼው አላውቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና በላሁ። እሷ ጉልበቴን በእጇ እየደባበሰች "አይዞሽ፣ እናትሽ ታውቅልሻለች" አለችኝ። ጣፋጭ ነው፣ ወንድም ጋሼ። እውነትም ጣፋጭ ነው።

ይህን የጻፍኩልህ ገንዘብ ላክ ለማለት አይደለም። ለእሷ ስትል ናልኝ ለማለትም አይደለም። እሷማ በየቀኑ ታገኝሃለች። ያጣሁህ እኔ ነኝ። ለእኔ ስትል ግን እመጣለሁ ካልክ፣ መቼ እንደምትመጣ አትንገረኝ፤ ቆጥሬ እንዳልጠብቅ።

ባለቤትህን እንደ እህቴ ሰላም በልልኝ፤ ስለ እማዬ የምትነግራትን አንተ ታውቃለህ። ትልቋን ግንባሯን ሳምልኝ፣ ትንሹን ጉንጩን ነክሰህ ሳምልኝ። ባለቤቴ በጣም ሰላም ብሎሃል፤ "አሁን እኔ አማችህ መሆኔ ቀርቶ አንተን ሆኛለሁ" በይልኝ ብሏል። ባለሱቋም እጅ ነስታለች። እማዬ ሰላምታ አልላከችልህም። ኩሽና ነህ ብላ ነው።

ታናሽ እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
የካቲት ፲፬ ቀን