በደብተርህ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ጽሑፍ

ይመር ሆዴ፣

ከተለየኸኝ አምስተኛ ወሩ ገባ። ባሏ የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ኢዳ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ከግቢያችን ሳልወጣ ጨረስኩ። ቤቱ ደህና ነው። የስፌት መኪናህን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ማንጎው ዘንድሮ ያፈራው አንተ በምትቀመጥበት በኩል ብቻ ነው፤ ወይም ሌላውን በኩል አላየሁትም ይሆናል። እህትህ ከውርጌሳ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ደህና ነኝ እላታለሁ።

ደህና አይደለሁም። ቅናት ይዞኛል። በሞተ ሰው ይቀናል ወይ እንዳትለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከመርሳ ወልድያ የምትሄደው ምን ልትማር እንደሆነ ስጠይቅህ የቻይና ፍልስፍና አልከኝ። እኔ ቻይና ስትል መንገድ ሥራ መሰለኝ። በዚህ ዕድሜህ መርፌህን ጥለህ አስተርጓሚ ልትሆን ነው ብዬ ሳቅሁብህ። አንተም ሳቅህ። ከዚያ ወዲያ ስለ ትምህርቱ አንድም ነገር አልነገርከኝም። ያን ቀን ባልስቅ ኖሮ። ይህን ደጋግሜ አስባለሁ።

በኢዳዬ ሁለተኛ ወር ደብተርህን ከመኪናው መሳቢያ አገኘሁት። የጀማሪ ትምህርት ስለሆነ እኔም ገባኝ። አንዱ የጥንት ጠቢብ፣ ወላጁ የሞተበት ልጅ ሦስት ዓመት ሐዘን ይቀመጥ ይላል፤ ሕፃን ሳለ ሦስት ዓመት በእቅፋቸው ኖሯልና። ተማሪው አንድ ዓመት ይበቃል ብሎ ይከራከረዋል። ሌላው ጠቢብ ደግሞ ሚስቱ በሞተች ጊዜ ቁጭ ብሎ ሳህን እየመታ ዘፈነ። ከዚህ ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶህ፣ በዚያ በሚጋደመው ጽሕፈትህ፣ እንዲህ ጽፈሃል፤ ታዲያ ለትዳር ጓደኛ ሐዘኑ ስንት ነው?

ከሥሩ በአረንጓዴ፣ በሌላ እጅ፦ እሱንማ ባለቤትህን ጠይቃት።

አልጠየቅኸኝም።

አረንጓዴው በየገጹ አለ። ክብ ክብ ያለ፣ ጥንቅቅ ያለ የሴት ጽሕፈት። አንተ ትጠይቃለህ፣ እሷ ትመልሳለች። ደብተሩን መልሼ እከተዋለሁ፣ መልሼ አወጣዋለሁ። ሰግጄ ስጨርስ ዱዓዬ መሃል አረንጓዴው ይመጣብኛል። ለአንተ ምሕረት እየለመንኩ በአንተ ስናደድ፣ አላህ የትኛውን እንደሚሰማ አላውቅም።

ኢዳ የጨረሰች ሴት መጀመሪያ ዘመድ ትጠይቃለች። እኔ ቅዳሜን ጠብቄ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ወልድያ ወረድኩ፤ ከመናኸሪያው በባጃጅ ትማርበት እስከ ነበረው ቤተ መጻሕፍት። ደብተርህን እንደ ሌባ በሻርፔ ሸፍኜ ይዤዋለሁ።

አሥር ሰው ቢሆኑ ነው። መምህሩ ልጅ እግር ነው፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ሽበት ጀምሯቸዋል። ደብተሩን ጭኔ ላይ ስታየው አንዷ ብድግ አለች። አልማዝ ትባላለች፤ የመኪና መለዋወጫ ትሸጣለች። ቆንጆ ናት። ይህን ከእኔ መስማት አያስፈልግህም። አቀፈችኝ፤ አልቅሳ ስታበቃም ነገሩን አስረዳችኝ። ለካ የክፍሉ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ጥያቄውን ይጽፋል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ከሥሩ ይመልስለታል። የአንተ ጎረቤት እሷ ነበረች። ይኸው ነው። ይኸው ብቻ መሆኑን አመንኩ፤ ቅናቴ ግን አልሄደም። መሄጃ አጣ መሰለኝ።

አልማዝ ቀጠለችና፣ እጅጌውን ያዳንሽው አንቺ ነሽ አይደል አለችኝ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሹፌር፣ እኛማ ያላወቅነው መልክሽን ነው እንጂ ዝምታሽንስ ካወቅነው ቆየን አለ። ሳቁ። ምን እንደሚሉ አልገባኝም ነበር።

ኋላ እንዳስረዱኝ፣ መምህሩ ነገርን ሳይገፉና ሳያስገድዱ ስለ ማድረግ ሲያስተምር ከቤታችሁ ምሳሌ አምጡ ብሏችኋል። አንተ እኔን አመጣህ። የዚያን ሙሽራ ኮት እጅጌ አሳጥረህ የቆረጥክ ቀን፣ መቀሱን ወርውረህ ስትራገም፣ እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ቁርጥራጩን ጭኔ ላይ እየለየሁ እዘረጋ ነበር። ቆይተህ ቀና ስትል ለእጅጌ የሚበቃውን ጨርቅ አየኸው። ለእነሱ፣ ምንም ሳትል መንገዱን አሳየችኝ ብለሃል። እኔን ያን ቀን ምን አልከኝ? ምነው አንድ ቃል እንኳ አይወጣሽም ነው ያልከኝ።

ይመር፣ ቁጣው ለእኔ፣ ምስጋናው ለወልድያ።

አልማዝን ተውኳት። አሁን የምቀናው ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ እሷ ታወራላቸው በነበረችው ሴት፣ በዚያችኛዋ እኔ ነው። አሥር ሰው ያውቃታል፤ ይወዳታል። እኔ አንድም ቀን አላገኘኋትም። በአንተ አፍ ውስጥ ስትኖር ምን ትመስል እንደነበር እነሱን መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው።

ስለዚህ መሄድ አልተውኩም። ወንበርህ ላይ እቀመጣለሁ፤ በደብተርህ እጽፋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ደብተር ተለዋወጡ ከመባሉ በፊት ያን ገጽ ገለጥኩ። ጥያቄህ፣ አረንጓዴው፣ ከዚያ ባዶ። እንድትጠይቀኝ የተላክኸውን እኔ ራሴ መለስኩልህ። ሃይማኖቴ የሰጠኝን አራት ወር ከአሥር ቀን ቆጥሬ ጨረስኩ፣ ወጣሁ፣ ገበያ ሄድኩ፣ ሰው ሳቀ እኔም ሳቅሁ፣ ሐዘኑ ግን ቁጥሩን አልሰማም ብዬ ጀመርኩ። መቀሱን ጻፍኩ። ማንጎውን ጻፍኩ። የሳቅሁብህን ቀን ጻፍኩ። ገጹ ሲያልቅ ኅዳጉን ዞርኩበት።

ከዚያ ደብተሩን ለአልማዝ ሰጠኋት። ልትመልስ አረንጓዴ እስክሪብቶዋን ከፍታ ገጹን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ጎን ጎኑንም አየችው። ቀና ብላ አየችኝና ክዳኑን መለሰችው።

አላህ ይዘንልህ ሆዴ። አልረሳህም። ለሌላ ሰው የሚሆን ቦታ አልተውኩም።

ዘይነብህ