በአንድ አውራ ጣት የሚዘለል ጌም ይምረጡልኝ

ለክቡር አቶ አብዲሳ
የኮምባይነር አከራዮች ማኅበር ሊቀመንበር
አሰላ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለኮምባይነርዎ ጤና የከበረ ምኞቴን አቀርባለሁ። ማሽኑን ከቤተሰብዎ ጋር መቁጠሬ ድፍረት አይደለም፤ ባለፈው መኸር ከሥሩ ተጎትቼ ስወጣ እርስዎም በስልክ አስቀድመው የጠየቁት ስለ እሱ ደኅንነት መሆኑን ሰምቼ፣ የቤትዎን ሥርዓት ላለማፍረስ ብዬ ነው።

ስሜን ረስተውት እንደሆነ፣ ሰኢድ እባላለሁ፤ ረዳት ሆኜ ስሠራ ቀኝ እጄን ሰንሰለት የወሰደው ነኝ። ሥራ ያጓትታል ተብሎ የሰንሰለቱ መሸፈኛ በእርስዎ ትእዛዝ ተፈትቶ ስለነበር፣ የተጠቀጠቀውን ገለባ ላወጣ እጄን ስሰድ የከለከለኝ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ቅልጥፍና ማመስገን ይገባኛል።

በሽማግሌዎች እጅ የላኩልኝ አዲስ ስልክ በሰላም ደርሶኛል። ነገሩ በዱዓ ተዘግቷልና አልከፍተውም፤ በእኛ አገር የሽማግሌ ቃል ረግጦ የሚሄድ ሰው ዘመድ እንደማይኖረው ስለሚያውቁ ነው ሽማግሌ የላኩት። ይቅርታ የምጠይቀው ስጦታዎን በግራ እጄ በመቀበሌ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊታቸውን አጨፍግገው «ያ ሰኢድ፣ በቀኝህ ተቀበል እንጂ» ካሉ በኋላ፣ ባዶውን የኮቴን እጅጌ አይተው ዱዓውን አስጀመሩ። ሆስፒታል እንኳ ያላለቀሰችው ባለቤቴ ነቢላ ያኔ ከጓዳ ሆና አለቀሰች።

ስልኩ ላይ ያስጫኑልኝ ጌምም ግሩም ነው። ፊቱን የሸፈነ ተዋጊ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ፣ ጠላቶቹን እየመታ፣ የሚሽከረከሩ መጋዞችን እያለፈ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሻገራል። መጋዝ ሲቆርጠው ወዲያው ሙሉ ገላውን ይዞ ይነሣል። እርስዎ ስለ ማሽን አደጋ ያለዎትን እምነት ከየት እንዳገኙት የገባኝ ይህን ስጫወት ነው።

ሆኖም ተዋጊው በግራ አውራ ጣት ይሮጣል፣ በቀኝ አውራ ጣት ይዘላል። ስለዚህ እስካሁን የተጫወትኩት ከአክስቴ ልጅ ከሁሴኖ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ እኔ እያስሮጥኩ እሱ እያዘለለ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሳልደርስለት እየዘለለ ብዙ ጊዜ ገደል ገባን፤ ኋላ ግን ተግባባንና ጌሙን እስከ መጨረሻው ጨረስነው። ከአደጋው ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት እርስዎ ሁሴኖን በእኔ ቦታ ቀጠሩት። ሰኞ ከኮምባይነርዎ ጋር ወደ ኦጎልቾ ይወጣል፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ስለሆነች እምቢ በል ልለው አልቻልኩም።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጌም የመረጡልኝ እርስዎ ነዎትና ቀጣዩንም እንዲመርጡልኝ፣ የሞባይል ቤት ባለቤቷ ፈይሩዛ ያቀረበችልኝን አማራጭ እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ፦

፩. ሰይፈኛ አለ። የመዝለያውም የመምቻውም ቁልፍ በቀኝ በኩል ነው። ፈይሩዛ ወደ ግራ አዛውራልኝ ነበር፤ ግን አንድ አውራ ጣት እያስሮጠ መምታት እንደማይሆንለት ሁለታችንም አይተን ተውነው።

፪. በራሱ የሚሮጥ አለ፤ መንካት ብቻ ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ግን አይከፈትም፤ ሰውዬው በሞተ ቁጥርም ማስታወቂያ ይመጣል። በሰው ጉዳት መሐል ንግዱን የማያቋርጥ በመሆኑ እርስዎ ሳይወዱት አይቀሩም።

፫. ጥንቸል አለች። ገደል የላትም፣ ጠላት የላትም፣ ምንም ቢያደርጉ ያሸንፋሉ። ፈይሩዛ «ላንተ የሚሆነው ይሄ ነው» ካለች በኋላ ራሷ አፍራ አቀረቀረች። የሕፃናት ጌም ነው። ከጎበሳ እስከ ሲሬ ያለውን ማሳ ስንዴ ሳሳጭድ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ተናደድኩ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ያስጨነቀኝ ጌሙ አይደለም። ሁሴኖ እንደ እኔው ነው፤ ሰንሰለቱ ሲታነቅ ሞተር ይጥፋልኝ ብሎ አይጠብቅም፤ ሞተር ያስጠፋ ረዳት እርስዎ ዘንድ ሰነፍ ተብሎ እንደሚባረር ያውቃላ። መሸፈኛው ዛሬም አልታሰረም። ፈርቻለሁ። ከሰኞ በፊት ይታሰር የሚል አንድ ቃል ከአፍዎ እንዲወጣ በትሕትና እለምናለሁ። ሥራ ያጓትታል ካሉም፣ ለሁሴኖ የሚሆነውን ስልክ ከአሁኑ ቢገዙለት ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ከመመላለስ ይድናሉ።

ለደግነትዎ ምስጋናውን ተናግሮ የማይጨርስ፣ ለሰላምታ የሚዘረጋው ቀኝ እጅ ባይኖረውም አክብሮቱ ያልጎደለ፣
የቀድሞ ረዳትዎ
ሰኢድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መሸፈኛው የት እንደገባ ጠፍቶብዎት እንደሆነ፣ ነቢላ ከማሳው ዳር ተጥሎ አግኝታው የዶሮ ቤታችን መዝጊያ አድርጋዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ከዶሮዎቻችን አንዷ እንኳ ጥፍሯ አልተነካም። እርስዎ ያስፈቱትን ሌላ ሰው ማሰር ስለማይችል ፈቃድዎን እንጠብቃለን። ይምጣ ካሉ ሁሴኖ ከሰኞ በፊት ይዞት ይመጣል። ብረቱ ከባድ ነው፤ እሱ ግን ለጊዜው ሁለት እጅ አለው።