ሰው የለበትም ስለተባለው ቤቴ

ነገሌ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ኃይለመስቀል
የከተማ ቦታ ሹም

ክቡር ሆይ፣

በከብት ንግድ የምተዳደረው እኔ ጃታኒ ዲዳ፣ ለእርስዎና ለልጆችዎ ጤና፣ ለወንበርዎም ደኅንነት እመኛለሁ። በተለይ ለወንበርዎ፤ ስድስት ወር ሰው ያልተቀመጠበት ነገር እንደሚወረስ ከእርስዎ ተምሬአለሁና።

በቦታዬ ወረቀት አራተኛ አንቀጽ ላይ፣ ስድስት ወር ሙሉ ሰው ያልኖረበት ቤት ከነቦታው ለመንግሥት እንደሚመለስ መጻፉን አልክድም፤ የፈረምኩት እኔው ነኝ። በዚሁ አንቀጽ ቤቴ መወረሱን የሚገልጸው ደብዳቤዎ ባለፈው ሳምንት ስለደረሰኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ዝናብ ስለቀረ ከብቶቼን ይዤ ወደ አሬሮ የውሃ ጉድጓዶች ወርጄ ሰባት ወር ቆይቻለሁ። ወራቱን አንድም ሳያጎድሉ ስለቆጠሩልኝ አመሰግናለሁ። የሞቱብኝን ከብቶች የቆጠረልኝ የለም።

፪ኛ/ ቤቱን እንዲያጣራ የላኩት ጸሐፊ በሩን ሲያንኳኳ፣ ሚስቴ ሸምሳ ከፍታ፣ «ናጋ» ብላ በሰላምታ ተቀብላ፣ አስቀምጣ ወተት ሰጥታዋለች። እሱም ወተቱን እስከ መጨረሻው ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ እኔን ስላላገኘ ብቻ «ሰው የለበትም» ብሎ ጽፏል። በልቶ ካጅ ድሮም ነበር፤ ያጠጣችውን ሴት ከነአምስት ልጆቿ ከሰው ቁጥር ያወጣ ግን ለከተማችን የመጀመሪያው ስለሆነ እንኳን ደስ ያለን። ሸምሳ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልቀመሰችም። እኔም አፍሬአለሁ፤ ለምን እኔ እንደማፍር ግን አላውቅም።

፫ኛ/ ከብቶቼን ያጠጣሁበትን ጉድጓድ የቆፈሩት አያቴ ናቸው። ከአባቴ ሞት ወዲህ ከቤተሰባችን ማንም ደርሶበት አያውቅም። ስደርስ ሽማግሌዎቹ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝና ተራዬን ሰጡኝ። ያ ጉድጓድ ወረቀት የለውም። እኔ ሞኙ ደግሞ ወረቀት ያለው ይበልጥ ይጸናል ብዬ ነበር።

ልመናዬ አንድ ነው። ከዚህ ቤት ሌላ መጠጊያ የለንምና፣ ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት ሌላ ጸሐፊ ይላኩልኝና ሸምሳን ሰው ብሎ ይመዝግብልኝ።

ከብቶቹን ለጥም፣ ቤቱን ለአራተኛው አንቀጽ ያስረከበው፣ ከእንግዲህም ከደጃፉ ፈቀቅ ለማለት የሚፈራው ታዛዥዎ፣

ጃታኒ ዲዳ

ግልባጭ፦ በከብት ገበያው አጥር ላይ ለሚያነብ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ሰኞ ጠዋት ዘበኞች መጥተው ቤቱን እንደሚያስለቅቁ ደብዳቤዎ ይናገራል። ሸምሳ ለእነሱም ወተት አስቀምጣለች። ጠጥተው ሲጨርሱ፣ ሰው ከሌለበት ቤት ማንን እንዳስወጡ በመዝገብዎ ያስጽፉልኝ።