ባዶ ተብሎ ስለተቆጠረው አግዳሚ ወንበር

መጋቢት ፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ የከተማ ዳር መንገደኛ ባቡር የወጪ ቁጠባ ክፍል ሹም
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ ፈጣሪ ከማለዳ ብርድና ከመንገድ እንግልት እንዲሰውርዎ እመኛለሁ። እኔ ኮልፌ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ብዕር ያነሣሁት ለክስ ሳይሆን፣ የአቃቂውን የማለዳ ባቡር አስቀርተው በቀትር ባቡር ስለተኩልን በአደባባይ ላመሰግንዎ ነው።

፩ኛ፤ ባለፈው ጥቅምት ሰው ልከው ሦስት ቅዳሜ ወንበር ስላስቆጠሩ እናመሰግናለን። ጨዋ ሰው ነበር፤ በበሩ አጠገብ ካሉት ሦስት አግዳሚዎች ሁለቱን ባዶ ብሎ፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ አንዲት ሴት የአራት ሰው ቦታ ይዛለች ብሎ ጻፈ። እነዚያ አግዳሚዎች ወደ አቃቂ ጸበል የሚሄድ በሽተኛ እንዲጋደምባቸው እኛ ተሳፋሪዎች ዘወትር የምንለቃቸው ናቸው። እኛ ታጭቀን ቆመን ነበር፤ ነገር ግን መዝገቡ ላይ የቆመ ሰው የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረ አልተቆጠርንም። ሰው ሞልቶ ሳለ ወንበር ለምን ባዶ ይሆናል ብሎ አንዳችንን ቢጠይቅ እንነግረው ነበር። እኔም በሙያዬ ጨርቅ እቆርጣለሁ፤ ከመቁረጤ በፊት ግን ባለቤቱን አስቁሜ እለካለሁ።

፪ኛ፤ የአራት ሰው ቦታ ይዛለች የተባለችው ባለቤቴ ዘመነች ናት።

፫ኛ፤ ጸበል የሚጠመቁት በማለዳ፣ በባዶ ሆድ መሆኑን ክቡርነትዎ ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። በቀትሩ ባቡር የሄደ በሽተኛ አቃቂ ሲደርስ አጥማቂው ካህን ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ስለዚህ ዘመነችን ከኮልፌ ሌሊት በጋሪ አውጥቼ፣ ከለገሃር ወዲያ በጭነት መኪና፣ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ አስተኝቼ ሁለት ቅዳሜ ወሰድኋት። መንገዱ ሲያንገጫግጫት ከንፈሯን ትነክስ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ልብሷን ለብሳ ተነሣችና፣ አልቻልሁም ብላ ተመልሳ ተኛች። ጥር ላይ አረፈች።

ጸበሉ ያድናት ነበር ብዬ አልከራከርዎትም፤ አላውቅም። የማውቀው፣ ባቡሩ ሳለ ከሐሙስ ጀምራ ነጠላዋን አጥባ ቅዳሜን ትጠብቅ እንደነበር ነው። ከቀረ በኋላ የምትጠብቀው ቀን አልነበራትም። እኔም ዛሬ ቅዳሜ ሲመጣ የምገባበት ይጠፋኛል።

ቁጠባው የተሳካ መሆኑን በጋዜጣ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ለሹመት ዕድገትዎም እንኳን ደስ አለዎት።

ከተቆጠሩት መካከል ያልነበርሁ፣ ትሑት ታዛዥዎ፣
ተክለማርያም ጥሩነህ
ልብስ ሰፊ፣ ኮልፌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የባለቤቴ የአቃቂ ዘመዶች ለቀብሯ የመጡት የቀትሩ ባቡር ከአቃቂ ሲመለስ ተሳፍረው ነበር፤ አንድም ሰው ሳያረፍድ ሁሉም ደረሱ። ሰዓቱ ለቀብር እጅግ የሚመች መሆኑን በጥናትዎ ውስጥ እንዲያስገቡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።