ጃንጥላ ያዡ ጋሼ

ቀጮ፣ እንዴት ከረምክ? እኔ እግሬ ቢያብጥም አፌ ደህና ነው።

ዛሬ እዚህ ፈረንጅ አገር ሙዚየም የሆነ የድሮ ባለጸጋ ቤት ገባሁ። ፖስት ካርዱን ገልብጠህ እየው፤ ያቺ እመቤት ከነውሻዋ ተሥላ ግድግዳው ላይ አለች። ጃንጥላ የያዘላት ሰው በቅኝ ግዛት ጊዜ ከባህር ማዶ ተገዝቶ የመጣ ነው። ከሥዕሉ ሥር የእሷም የውሻዋም ስም ተጽፏል፤ የእሱ የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ መጣችና ሥዕሉን፣ «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ?» አትለውም! «ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እላቸዋለሁ። ስማቸውን ቢነሷቸው እኔ ሰላምታ አልነሳቸውም» አለችን። እኛም ጎብኚዎቹ ተሰልፈን፣ ጎንበስ እያልን ሰላም አልናቸው። ውሻውን ዞር ብሎ ያየው የለም፤ በሳቅ ልሞት!

ስወጣ ግን እናንተ ሳሎን ያለው ፎቶ ትዝ አለኝ። አያትህ በቅሎ ላይ ተኮፍሰው፣ አንድ ሰውዬ ልጓም ይዞላቸዋል። ልጆች ሆነን «ማነው?» ስንል አክስትህ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «የተገዛ ነው» ነበር ያሉን። እስቲ ሳይረሱት ስሙን ጠይቃቸውና ከፎቶው ጀርባ ጻፈው።

ቦታ አለቀብኝ። የአክስትህን ጉልበት ሳምልኝ፣ ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። የበቅሎዋን ስም እንደሆነ ሁለታችንም እስከዛሬ አልረሳነውም።