ሂናውን ይዤ የቀረሁበት የናይሮቢ መንገድ

ይድረስ ለወንድሜ ለዘይኑ፤ ሎድዋር፣ ኬንያ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ። እንዴት ነህ? ያ ጉልበትህ ተሻለው ወይስ ሙቀቱ አባሰው? ሱቁስ፣ ቤቱስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ልቤ ነው የታመመው። ስልኬን አላነሳ ስላልከኝ በስተርጅና የለቀምኳትን ፊደል እየገጣጠምኩ ጻፍኩልህ። ያስተማረችኝ ልጅህ ሱሀይላ ናትና፣ ስህተት ብታገኝ እሷን ውቀሳት።

ከኒካዋ፣ ከሰርጓ የቀረሁት ንቄያችሁ አይደለም። ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደግኳት ልጅ ናት። እጇን ሂና ሌላ ሴት ስትቀባት ወድጄ ነው የምቀረው?

ትኬቱን የቆረጠልኝ 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ትኬት የሚሸጠው ታጁ ነው። ከሀርጌሳ የምሄድበት አውሮፕላን የሚያርፈው በትልቁ ማረፊያ በጆሞ ኬንያታ፣ ወደ እናንተ የሚመጣው የሚነሳው ግን ከትንሹ ከዊልሰን ነው ሲለኝ ደነገጥኩ። እሱ እቴ፣ ሁለቱም ናይሮቢ ናቸው እትዬ ሀሲና፣ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ይዘሽ ዘና ብለሽ ትደርሻለሽ ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ ጊዜ ነበረኝ። የጎዳኝ አማና፣ የሰው አደራ ነው።

መንገደኛ መቼ ባዶ እጁን ይለቀቃል? ጎረቤቴ አስሊ፣ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ለሚነግደው ልጇ ለማህዲ ሙቅማድ አስያዘችኝ፤ ቅቤ ውስጥ የተዘፈቀ ሥጋ፣ ሙሉ ጣሳ። መንገድሽ ላይ ነው አለችኝ። ናይሮቢን መች አይታት ታውቃለች! በማታቱ መሀል ከተማ ገባሁ፣ ከዚያ በሌላ ማታቱ ኢስሊ። ማህዲም ሳትቀምሺ ከሄድሽ እናቴ ምን ትለኛለች ብሎ በሩ ላይ ቆመ። እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ ሩዙ እስኪበስል ቁጭ አልኩ። በላሁም።

ስወጣ መንገዱ በመኪና ጢም ብሏል። ታክሲ ብይዝ እሱም ተገተረ። እግረኛው እያለፈን ሲሄድ ለሱሀይላ የያዝኩትን ሂና ጭኔ ላይ አቅፌ አለቀስኩ። ዊልሰን ስደርስ በር ላይ የቆመችው ልጅ በጣቷ ሰማዩን አሳየችኝ። የሚቀጥለው በረራ ከኒካው በኋላ ነበር። ድግስ ካለፈ በምን ፊቴ እመጣለሁ ብዬ ተመለስኩ። አሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ዘግይቼም ቢሆን መምጣት ነበረብኝ። አስሊ እንደሆነች ጣሳዬስ እያለች ትጠይቀኛለች።

ባለቤትህን ፋይዛን ሰላም በልልኝ፤ ደግሳ የጠበቀችኝ ናትና ትማረኝ። ልጅህን ኸይሩን ግንባሩን ሳምልኝ። ሱሀይላን ግን እንዲህ በላት፤ ባሏን ይዛ ልታየኝ ስትነሳ ከዊልሰን ወጥታ እስከ ኒያዮ ስታዲየም ትሂድ፣ እዚያ ወርዳ ወደ ትልቁ ማረፊያ የሚሄደውን ማታቱ ትያዝ። መሀል ከተማ አያስገባትም፤ ስመለስ ነው ያወቅሁት። ከማንም አማና አትቀበል። ለእኔም ምንም አትያዝ። ሂናው እዚህ ተቀምጧል፤ ባዶ እጇን ትምጣልኝ፤ የምፈልገው እጇን ነው።

እህትህ ሀሲና
ሀርጌሳ፣ ሼክ ኑር
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.